ጉልበታችሁ ሳይቆረጥም በፊት መስታወት ፊት ቁሙ

ቁምጣ ልበሱ፣ ጫማችሁን አውልቁ፣ ትልቅ መስታወት ፊት ቁሙ። አስር ደቂቃ ይበቃል። የምትፈልጉት ወደፊት አርትራይተስ የሚባለው የመገጣጠሚያ ህመም ሊያጠቃቸው የሚችሉ መገጣጠሚያዎችን ነው። ምልክት አገኛችሁ ማለት ታመማችሁ ማለት አይደለም።

ከጉልበት ጀምሩ። ቁርጭምጭሚቶቻችሁን ስታገጥሙ ጉልበቶቻችሁ መካከል ሰፊ ክፍተት ከቀረ እግራችሁ ወደ ውጭ ጎብጧል። እንዲህ ሲሆን ክብደታችሁ በብዛት የሚያርፈው በጉልበቱ የውስጥ ጎን ስለሆነ፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ የሚከላከለው ለስላሳ ሽፋን ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው። ጉልበቶቻችሁ ተነካክተው ቁርጭምጭሚቶቻችሁ ከተራራቁ ደግሞ ጫናው ወደ ውጭኛው ጎን ይዞራል። በተለይ ድሮ ቀጥ ያለ የነበረ እግር በቅርብ ዓመታት እየጎበጠ ከመጣ ዝም ብላችሁ አትለፉት።

ቀጥሎ የእግር ርዝመት። ሱሪያችሁ ሁሌ በአንድ በኩል መሬት ይነካል? የአንዱ ጫማ ሶል ቶሎ ያልቃል? 1 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ከጉልበት አርትራይተስ ጋር ይያያዛል፣ ይበልጥም በአጭሩ እግር በኩል። ግን በራሳችሁ ግምት ጫማ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይለካችሁ።

የጣት ነገርም አለ። በ2008 የወጣ የእንግሊዝ ጥናት ሌባ ጣታቸው ከቀለበት ጣታቸው የሚያጥር ሰዎች ላይ የጉልበት አርትራይተስ በብዛት አይቷል፣ በሴቶች ላይ ደግሞ ግንኙነቱ ይጠነክራል። እኔ ግን በዚህ እንቅልፍ አጡ አልልም። ጣት አይቀየርም፣ ብዙ ጤነኛ ሰውም እንዲህ አይነት ጣት አለው።

ጥፍራችሁን ግን በደንብ እዩልኝ! ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይሄን ነው። በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉት ወይም ከሥጋው እየተላቀቀ ከሆነ፣ በተለይ ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ ህመም እናንተ ወይም ቤተሰባችሁ ላይ ካለ፣ ለሐኪም ንገሩ። ሶሪያሲስ ካለባቸው ሰዎች እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት የመገጣጠሚያ ህመም ይከተላቸዋል፣ ቶሎ ሲታከም ደግሞ መገጣጠሚያው ከመበላሸት ሊተርፍ ይችላል።

አሁን ወንበር ላይ ተቀመጡና እጃችሁን ሳትደገፉ ተነሱ። ካቃታችሁ የጭናችሁ ጡንቻ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ጉልበትን ደግፎ የሚይዘው ደግሞ እሱ ነው። ይህ የሚስተካከል ነገር ስለሆነ ደስ ይለኛል። ያንኑ መነሳትና መቀመጥ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ልመዱት። ክብደት ከበዛም 1 ኪሎ ስትቀንሱ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበታችሁ ላይ ወደ 4 ኪሎ የሚጠጋ ጫና ይነሳል።

ጠዋት ከ30 ደቂቃ በላይ የሚቆይ መተሳሰር፣ ያበጠ ወይም የሚሞቅ መገጣጠሚያ ካለ ግን መስታወቱን ተዉትና ሐኪም ጋር ሂዱ። እብጠቱን በታየበት ቀን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ እስከ ቀጠሯችሁ ቀን እብጠቱ ጎድሎ ሊሆን ይችላል።