«ገጹን ቀዳብኝ» ብላችሁ ከመክሰሳችሁ በፊት

ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ ለነጋዴ የሽያጭ መመዝገቢያ ሶፍትዌር የሚሠሩ ወጣቶች በርክተዋል፤ እሰየው ነው። ነገር ግን ደንበኛ ሳያፈሩ «ተፎካካሪዬ የሶፍትዌሬን ገጽ ቀዳ» ብለው ለመክሰስ ጠበቃ የሚያፈላልጉም አብረው በርክተዋል። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

«የገጹ አደራደር የእኔ ነው» ማለት። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ቡሬ ላይ ለእህል ነጋዴዎች የሚሸጡ ሁለት ልጆች በዚህ ጉዳይ ፍርድ ቤት ሊቆሙ ነበር። ያጣላቸው ገጽ ከላይ የደንበኛው ስም፣ ቀጥሎ የእህሉ ዓይነት፣ ኩንታሉ፣ የአንዱ ዋጋ፣ ድምሩ፣ ከታች «መዝግብ» የሚል አረንጓዴ ቁልፍ ያለበት ነው። ከነጋዴው ጠረጴዛ ላይ የደረሰኝ ጥራዙን አንስቼ ገለጥሁላቸው። ከአረንጓዴው ቁልፍ በቀር ሁሉም በዚያው ተራ ታትሟል። ታዲያ የሚያሟግታቸው ቀለሙ ነው? ጎጃም ተወልዶ ይህን መሳት ደግሞ ይገርማል። ከቅኔ ዓይነቶች ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት፣ መወድስ ስምንት ቤት መሆኑን በዋሸራም በዲማም የቅኔ ጉባኤ «የእኔ ብቻ ነው» ብሎ የከለከለ መምህር የለም፤ የሌላውን ቅኔ እንደ ራሱ አድርጎ የሚያሰማ ተማሪ ግን ያፍራል። ሶፍትዌሩን የሚያሠራው ጽሑፍ፣ ማለትም ኮዱ፣ ቅኔው ነው፤ የገጹ አደራደር የቤቱ ልክ ነው።

ተጠቃሚውን መርሳት። ሎተስ የተባለው የአሜሪካ ሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1990 ተፎካካሪውን ቦርላንድን የከሰሰው፣ ኳትሮ ፕሮ የተባለው የቦርላንድ የሒሳብ ሠንጠረዥ ሶፍትዌር የሎተስ 1-2-3 የተባለውን ሶፍትዌር የትእዛዝ ማውጫ በመጠቀሙ ነበር። በማውጫው ውስጥ 469 ትእዛዞች አሉ። ቦርላንድ የሎተስን ኮድ አልወሰደም፤ የሒሳብ ሠራተኞች በሎተስ ላይ ራሳቸው የጻፏቸው ማክሮዎች፣ ማለትም ተደጋጋሚ ሥራን በአንድ ጊዜ የሚያስፈጽሙ የትእዛዝ ድርድሮች፣ በእሱም እንዲሠሩ ፈለገ እንጂ። ሎተስ ቢረታ ኖሮ ሶፍትዌር መቀየር የፈለገ የሒሳብ ሠራተኛ የገዛ ድካሙን ጥሎ መሄድ ነበረበት። ነውሩ እዚህ ላይ ነው፤ ክሱ የተጻፈው በተፎካካሪው ስም ቢሆንም የሚታሰረው ደንበኛው ነው። የይግባኙ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ማውጫው የአሠራር ዘዴ ስለሆነ በቅጂ መብት አይጠበቅም አለ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞችም እ.ኤ.አ. በ1996 አራት ለአራት ስለተከፈሉ ውሳኔው ጸና። የእኛም የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) ሐሳብንና የአሠራር ዘዴን ከጥበቃ ውጭ አድርጓል። አዋጁን ሳያነቡ ክስ የሚያረቅቁ ግን ሞልተዋል።

የፈረሙትን ውል አለማንበብ። አፕል እ.ኤ.አ. በ1988 «የኮምፒውተሬን ገጽ መልክ ቀዳ» ብሎ ማይክሮሶፍትን ሲከስ ተመሳሳይ ናቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 189 ነገሮች ውስጥ 179ኙ እ.ኤ.አ. በ1985 ራሱ ለማይክሮሶፍት በፈረመው ፈቃድ የተሸፈኑ ሆነው ተገኙ። በመካከሉ ደግሞ ዜሮክስ «መጀመሪያ የተወሰደው ከእኔ ነው» ብሎ አፕልን ከሰሰ፤ እሱም አልተሳካለትም።

እንደማይረቱ እያወቁ ማስፈራሪያ መጻፍ። ደብዳቤው ለተፎካካሪው ደንበኞች ከተላከ ደግሞ የባሰ ነው። የሞጣ ባለ ሱቅ የቅጂ መብት ክርክር አይመዝንም፤ ደብዳቤው ላይ ማኅተም ካየ ፈርቶ ሶፍትዌሩን ያጠፋል። ላኪው ፍርድ ቤት ሳይደርስ የፈለገውን አገኘ ማለት ነው። ይህን የሚመክር ጠበቃ ካጋጠማችሁ ጠበቃ ቀይሩ።

«እንግዲያው ሁሉም ነጻ ነው» ማለት። አይደለም። የሰው ኮድ መገልበጥ፣ ሥዕሎቹን እንዳሉ ማንሳት፣ ገዢ እስኪሳሳት ድረስ በስምና በአርማ መመሳሰል ስርቆት ነው፤ ለንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501/1998 አለ። አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ ንድፍም ዋጋ ያስከፍላል፤ ዳኞች እ.ኤ.አ. በ2012 ሳምሰንግ ለአፕል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስነው ነበር፤ ክርክሩ በስምምነት ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ኮዴ ተወስዷል የምትሉ ከሆነ፣ ከገጹ ፎቶ ይልቅ በየቀኑ ያስቀመጣችሁትን የኮድ ቅጂ ከነቀኑ ይዛችሁ ኑ።