«አቦ ተወው፣ አይሆንም» ከማለታችሁ በፊት፦ የሚንገዳገድ ጀማሪ የቅርጫት ኳስ ተጫዋችን መመዘን

እ.ኤ.አ. በ2013 በኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች ጀማሪዎችን በተራ በሚመርጡበት ሥነ ሥርዓት፣ አንደኛ ሆኖ የተጠራው አንቶኒ ቤኔት በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 4.2 ነጥብ አስቆጠረ፤ ብዙም ሳይቆይ ከሊጉ ወጣ። 11ኛ የተመረጠው ማይክል ካርተር ዊሊያምስ 16.7 ነጥብ ይዞ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ተባለ፤ እዚያ ቁጥር ላይ ግን ዳግመኛ አልደረሰም። 15ኛው ያኒስ አንቴቶኩምፖ 6.8 ነጥብ፣ 27ኛው ሩዲ ጎቤር ደግሞ 2.3 ነጥብ ነበራቸው። ያኒስ በ2019 እና በ2020 የሊጉ ኮከብ ሆነ፤ ጎቤር አራት ጊዜ የዓመቱን ምርጥ ተከላካይነት ወሰደ። በዚያ ዓመት እነዚህን ልጆች በነጥብ የመዘነ ሰው ከአራቱ ሦስቱን ይስት ነበር፤ የሚገጥምለት ቤኔት ብቻ ነው።

ካርተር ዊሊያምስ 22 ዓመቱ ነበር፤ ቡድኑ ከ82 ጨዋታ 19 ብቻ ያሸነፈ ደካማ ቡድን በመሆኑ ኳሱ ሁሌ እሱ እጅ ላይ ነበረች። ያኒስ ሲጀምር 18 ዓመቱ ነው፤ ቁመቱ እንኳ ገና አላለቀም። ስለዚህ አንድን ጀማሪ ስታዩ መጠየቅ ያለበት በስንት ዓመቱ፣ በስንት ደቂቃ፣ ምን ሥራ ተሰጥቶት ነው የወደቀው የሚለው ነው። ከዚያ ደግሞ ስህተቱ እየተቀየረ ነው ወይስ ያው ነው? የድሬዳዋ ሳቢያን ልጅም ይሁን የሐረር ጀጎል፣ ሚዛኑ ይኸው ነው።

መጀመሪያ ሜዳውን መዝኑ

ብዙ ጊዜ ልጁ ላይ የሚፈረደው በቀለበቱ ጥፋት ነው። ሜትር ይዛችሁ ከመሬት እስከ ቀለበቱ አናት ለኩ፤ 3.05 ሜትር መሆን አለበት፣ ከፊትም ከኋላም። ሲሚንቶ ሜዳ ላይ ልጆች ስለሚንጠለጠሉበት ፊቱ ይወርዳል። ፊቱ የወረደ ቀለበት ጠፍጣፋ ምት ያስለምዳል፤ ልጁ ደህና ቀለበት ያለበት ሜዳ ሲሄድ ኳሱ የፊት ብረቱን እየመታ ይመለሳል። የቅጣት ምት መስመሩ ከሰሌዳው ፊት 4.60 ሜትር ነው፤ ቀለሙ ከጠፋ በኖራ አስምሩ። ኳሱን ከ1.80 ሜትር ልቀቁት፤ ሲነጥር አናቱ 1.20 ሜትር ካልደረሰ አየር ሙሉ፣ ከ1.40 ሜትር ካለፈ አስተንፍሱ። አቧራ የጠጣ ኳስ ስለሚያንሸራትት በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሰዓቱም ሚዛን ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የተደረገ ፈተና የሚለካው ሙቀት የመቻል አቅምን ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ወይም ማታ ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት፤ የመረጣችሁትን ሰዓት ደግሞ እስከ መጨረሻው አትቀይሩ። ከሐረር የወረደ ልጅ ከሆነ ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ የእነዚያን ቀናት ውጤት ደብተር ላይ አታስፍሩት። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም የሚጾም ልጅን ከማይጾም ጋር ጎን ለጎን አትመዝኑ። የበርጫ (የጫት መቃሚያ ጊዜ) ነገርም አለ። ጫት እንቅልፍና ምግብ ይዘጋል፤ ከሰዓት የሚቅም ወጣት በማግስቱ ጠዋት እግሩ ሲከብድ «ፍላጎት የለውም» ይባላል። መጀመሪያ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ጠይቁት። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በውድድር ጊዜ ከተከለከሉት አነቃቂዎች አንዱ መሆኑንም ይወቅ።

ዕድሜና አጥንት

በወረቀት ላይ ያለውን ዕድሜ ስታሰሉ ተጠንቀቁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አካባቢ የተወለደ ልጅ የፈረንጁ ዓመት የሚገኘው 7 ሲደመር ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን የተወለደ ደግሞ 8። ማንም ሳያጭበረብር አንድ ዓመት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ በ15 እና በ16 ዓመት መካከል ደግሞ ሰፊ ልዩነት አለ።

ወንዶች በፍጥነት የሚያድጉት 14 ዓመት አካባቢ፣ ሴቶች 12 አካባቢ ነው፤ ግን ሁለትና ሦስት ዓመት የሚዘገይ አለ። በየሦስት ወሩ ጫማ አስወልቃችሁ በጠዋት ግድግዳ ላይ ለኩ። በሦስት ወር 2 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከጨመረ ልጁ እድገት ላይ ነው። መጀመሪያ የሚረዝመው እግር ስለሆነ ትናንት የሚያውቀው ድሪብል (ኳስ እያነጠሩ መሄድ) ዛሬ ጫማው ላይ ይነጥርበታል፤ ሌይ አፑም (ሮጦ ተነስቶ ከቀለበቱ ሥር ኳስ ማስገባት) አንድ እርምጃ ይስታል። በዚህ ወቅት ቅልጥፍና ቢቀንስ ልጁ ወደኋላ ቀረ ማለት አይደለም። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለው አጥንት ሲነካ የሚያመው ከሆነ ዝላዩን ቀንሱለት፤ ሲሚንቶ ላይ ያባብሰዋል። በዚያ ሳምንት የተለካ ዝላይ ምንም አይነግራችሁም።

በተቃራኒው በ14 ዓመቱ ጢም ያበቀለና ሁሉንም በትከሻው የሚገፋ ልጅ አለ። ጓደኞቹ ሲደርሱበት ምን ይቀረዋል ብላችሁ ጠይቁ። ከሱ ከሚበልጡ ልጆች ጋር ሁለት ጊዜ አጫውቱት፤ መልሱ ይታያል። ግምት ለማግኘት የአባትንና የእናትን ቁመት ደምሩ፤ ለወንድ 13 ሴንቲሜትር ጨምሩ፣ ለሴት 13 ቀንሱ፣ ከዚያ ለሁለት አካፍሉ። እስከ 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ወዲያና ወዲህ ሊል ስለሚችል ፍርድ አታድርጉት።

ደብተሩ

ለጨዋታው አንድ ሰው ተመድቦ ይጻፍ፤ አሰልጣኙ ራሱ ከጻፈ የሚወደውን ልጅ ስህተት አያይም። የተጫወተበትን ደቂቃ፣ የተሰጠውን ሥራ፣ ኳስ ያጣበትን ዓይነት መዝግቡ፤ ሁሉንም ለእያንዳንዱ 10 ደቂቃ ስንት እንደሚሆን አስሉት። ስድስት ደቂቃ እየተጫወተ ሁለት ኳስ የሚያጣ ጀማሪና ሰላሳ ደቂቃ ተጫውቶ አራት የሚያጣ ነባር አንድ አይደሉም፤ ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚገባው ጨዋታው ከተበላሸ በኋላ መሆኑንም አትርሱ።

በጥቂት ቁጥር አትታለሉ። ከሁለት ምት አንዱን የሚያስገባ ልጅ 20 ቅጣት ምት ቢመታ በዕድል ብቻ 6 ሊያገባ ይችላል፣ 14ም ሊያገባ ይችላል። 200 ቢመታ ግን ከ86 እስከ 114 መካከል ይሆናል። ስለዚህ በልምምድ መጨረሻ፣ እግሩ ደክሞ ሳለ፣ በቀን 20 አስመቱት፤ 10 ቀን። ይህ ቁጥር በጨዋታ ከገባለት የሦስት ነጥብ ምት ይልቅ ስለ ነገው ምት ይናገራል፤ ሆኖም ለሁሉም ልጅ አይሠራም። ጎቤር በመጀመሪያ ዓመቱ ከቅጣት ምቱ ግማሹን እንኳ አላገባም፤ የሄደበት መንገድ ሌላ ነበር።

የስህተቱ ዓይነት

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ምቱ ሲስት ወዴት ሄደ? አጭርና ረጅም ከሆነ መስመሩ ደህና ነው፤ የጎደለው ጉልበት ወይም ልምድ ነው፣ ይመጣል። ግራና ቀኝ የሚበተን ከሆነ ክርኑ ወጥቷል፣ ወይም ደጋፊው እጅ በአውራ ጣቱ ኳሱን ይገፋል፤ ይህ ቢታረምም ወራት ይወስዳል።

ኳስ ማጣትም እንደዚሁ ይለያያል። ኳስ ሲቀበል ትራቭሊንግ (ሳያነጥር መራመድ) የሚሠራ ልጅ የእግር ችግር አለበት፤ ጥሩ ፒቮት (አንድ እግር ተክሎ መዞር) በአንድ ወር ይማራል። ነፃውን ሰው አይቶ፣ አስቦ፣ ፓሱ ግን ዘግይቶ የተጠለፈበት ልጅ ዓይኑ ከእጁ ቀድሟል። እንዲህ ያለውን በጭራሽ እንዳትጥሉት፤ ደብተር ላይ ግን የሚታየው እንደ ጥፋት ነው። አንገቱን ደፍቶ ኳሱን እያየ ሦስት ሰው መሐል የሚገባው ሌላ ነገር ነው። ሦስቱንም «ኳስ አጣ» ብሎ በአንድ ዓምድ መደርደር የደብተርን ጥቅም ያጠፋል።

ዲፌንስ ላይ ነጥቡን ተዉትና እግሩን እዩ። ሲታለፍ ዞሮ ይሮጣል ወይስ እጁን ዘርግቶ ፋውል ይሠራል? ኳሱ ከሱ በራቀ ጊዜ ምን ላይ ነው? ከኋላው የሚሮጥበትን ሰው ለማየት ጭንቅላቱን የሚያዞር ልጅ ጨዋታውን እያነበበ ነው፤ ይህን የማይሠራ ግን ፈጣን ልጅ በሦስት ወር ሊማረው ይችላል። ፍጥነትም የለው፣ ማየትም የለው፣ እዚያ ላይ ተስፋው ይጠባል።

የመማር ፈተና

አንድ የማያውቀውን ነገር ምረጡ፤ ለምሳሌ በግራ እጅ ሌይ አፕ፣ በትክክለኛው እግር ተነስቶ። 15 ደቂቃ አሳዩት። በማግስቱ አትጠይቁት። ከሁለት ቀን በኋላ ምንም ሳታስታውሱት 10 ሙከራ ስጡት፣ በሳምንቱ ድጋሚ 10። የሚቆጠረው እግሩ ልክ መሆኑ ነው፤ ኳሱ ባይገባም ግድ የለም። በሳምንቱ እግሩ ከመጀመሪያው 10 ሙከራ የተሻለ ከሆነ ልጁ ብቻውን ሲለማመድ ሳይሆን አይቀርም። ከማንኛውም ቁጥር በላይ ይህ ይመዝናል፤ በየሦስት ሳምንቱ በአዲስ ነገር ድገሙት።

መቼ ይፈረድ

የመጀመሪያው ግምገማ በ12ኛው ሳምንት፣ ሁለተኛው በስድስተኛው ወር ይሁን። በ12 ሳምንት ውስጥ ያው ስህተት በያው መልኩ ከተደጋገመ መጀመሪያ ሥራውን ቀይሩለት፤ ሌላ ቦታ አጫውቱት፣ ወይም ደቂቃውን ቀንሳችሁ አንድ ሥራ ብቻ ስጡት። ረጅሙን ልጅ ከቀለበት ሥር መትከል የተለመደ ጥፋት ነው፤ ድሪብል ሳይማር ይቀርና እድገቱ 1.85 ሜትር ላይ ሲቆም የትም አይሆንም። በስድስተኛው ወር ስህተቱም፣ የመማር ፈተናውም፣ ፍላጎቱም ካልተነቃነቀ ለልጁም ለወላጁም በግልጽ ንገሩ። «ልጅዎ አይችልም» አይባልም፤ «ለክለብ ደረጃ አይደርስም፣ ለሰፈር ቡድን ግን ይጫወት» ይባላል።

ደብተሩን ግን ከ12ኛው ሳምንት በፊት ለልጁ አታሳዩት። ነጥቡ ስንት እንደሆነ ካወቀ ማቀበል የነበረበትን ኳስ ሁሉ መምታት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ የመዘገባችሁት ሁሉ ይበላሻል።