ኮትቻ ላይ የጭቃ ውድድር፦ መኪናው፣ ጉድጓዱና አወጣጡ

ከአዲስ አበባ በሰንዳፋ፣ በአቃቂ ወይም በበቾ ሜዳ በኩል ሲወጣ የሚገኘው ጭቃ በውጭ አገር ቪዲዮ ላይ እንደሚታየው አይደለም። ጥቁሩ አፈር፣ ኮትቻው፣ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ጎማ ላይ ከተለጠፈ ደግሞ በቀላሉ አይለቅም። ጎማው ጥቂት እንደዞረ ጥርሱ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ኮፈን ስር ምን ዓይነት ሞተር እንዳለ ለውጥ አያመጣም። እዚህ የሚያሸንፈው በጥርሱ መሃል የያዘውን ጭቃ እየወረወረ የሚሄድ ጎማ ነው፤ ዝግጅቱም ከዚያ ይጀምራል።

የጨዋታው ሕግ አጭር ነው። ጉድጓዱን ጨርሶ የወጣ በሰዓት ይወዳደራል፣ መሃል የቀረ ፊት ጎማው እስከደረሰበት በሜትር ይለካለታል። ጨዋታው ባደገባቸው አሜሪካና ካናዳ መኪኖች በጎማ ቁመትና በተደረገላቸው ለውጥ ይመደባሉ። ለጀማሪ ሁለት ምድብ ይበቃል፦ እንደ ፋብሪካው ያለና የተነካካ። ሳይመደብ ባለ 7.50 ጎማ ላንድ ክሩዘር ባለ 35 ኢንች ጎማ ሃይሉክስ አጠገብ ከተሰለፈ ውጤቱ ሳይነዳ ይታወቃል።

ቦታ ሲመረጥ «ባዶ ነው» የሚለው ነገር ያታልላል። ነሐሴ ላይ ምንም ያልተዘራበት ኮትቻ ብዙ ጊዜ ለሽምብራ ወይም ለጓያ የተጠበቀ ነው። የሱሉልታ ሜዳም ግጦሽና ድርቆሽ ነው፤ ጎማ የቀደደው ሣር ቶሎ አያገግምም። የተሻለው ድንጋይ ወጥቶበት የተተወ ካባ ዳር ነው። የባለይዞታውንና የቀበሌውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ፣ ለፖሊስም አሳውቁ። የገጠር መንገድን መወዳደሪያ ማድረግ ነውር ነው፤ ክረምቱን ሙሉ ሰው በዚያ ነው ወደ ገበያም ወደ ጤና ጣቢያም የሚሄደው።

ጉድጓዱ 50 ሜትር ርዝመትና 5 ሜትር ስፋት ይኑረው። የመጀመሪያው 15 ሜትር ጥልቀቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ መሃሉ 50፣ መጨረሻው 80 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ መውጫው ቀስ ብሎ ከፍ የሚል ተዳፋት ይሁን። ቀጥ ያለ ግድግዳ ከተተወ መኪናው በባምፐሩ ይመታውና ራዲያተር ይሄዳል። ኤክስካቫተሩ ሲቆፍር የሚወጣውን ድንጋይ አንድ ሳይቀር ልቀሙ። ጡጫ የሚያህል ድንጋይ ከጎማ ሲወረወር መስታወት ይሰብራል፣ ሰው ካገኘም አይምርም። ሐምሌና ነሐሴ የከሰዓቱ ዝናብ ይበቃል፤ መስከረም ላይ ግን ውኃ በቦቴ አምጥቶ ማታውን ማጠጣት ያስፈልጋል፤ ኮትቻ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ነውና። ላዩ ደርቆ ውስጡ እንደ ሊጥ የሆነ ጉድጓድ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ጎማውን ወደ ታች ስቦ ይይዛል። በየአራት አምስቱ መኪና መካከል በኤክስካቫተር ይደልደል፤ አለበለዚያ ቦዩ ጠልቆ የኋለኞቹ በዲፈረንሻላቸው (በጎማዎቹ ዘንግ መሃል ባለው የማርሽ ቤት) ይቀመጣሉ። ተራው በዕጣ ይሁን።

ወደ ጎማው እንመለስ። የአስፋልት ጎማ ይዞ መግባት ገንዘብ ማባከን ነው። በጥርሶቹ መሃል ሰፊ ክፍተት ያለው፣ ጎኑም ላይ ጥርስ የወጣለት የጭቃ ጎማ ያስፈልጋል። 235/85 አር 16 ከ7.50 ጋር ቁመቱ ስለሚቀራረብ የላንድ ክሩዘሩን ፓራፋንጎ ሳይቆርጡ ይገባል። እንጦጦ ግርጌ ባለው ቀይ አፈር ቀጭን ጎማ ሰንጥቆ ጠንካራውን መሬት ያገኛል፤ ጥልቅ ኮትቻ ላይ ግን ከስር የሚገኝ ነገር ስለሌለ ሰፋ ያለው ይሻላል። ነፋሱን ወደ 18 ፒኤስአይ (የጎማ ነፋስ ግፊት መለኪያ) አውርዱ። ከ15 በታች ጎማው ከቸርኬው ሊወጣ ይችላል። ከመዳሪ (የውስጥ ጎማ) ያለው ጎማ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ነፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመዳሪውን ይዞ ይዞራል፣ ቫልቩ ከሥሩ ይቆረጣል። ለእሱ ከ22 ባትወርዱ ይሻላል። ቸርኬው ቀለበት ያለው ከሆነ መልሳችሁ ስትነፉ ፊት ለፊቱ አትቁሙ፤ ቀለበቱ ካመለጠ ገዳይ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ ከፍታውን አትርሱ። 2,500 ሜትር ላይ ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የድሮው ላንድ ክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር 130 ፈረስ ጉልበት ገደማ አለው ይባላል፤ እዚህ የሚደርሳችሁ ወደ 100 ነው። ስለዚህ በፎር ሎው (ጉልበት በሚያበዛው በዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ) ግቡ እንጂ በፎር ሃይ (በከፍተኛው) አትግቡ። አንደኛ ማርሽ ጎማውን ቀስ አድርጎ ስለሚያዞረው ጭቃው አይወረወርም፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው ትክክሉ።

ከመግባታችሁ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ። የፊት ጎማዎቹ ሎክ በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ሁለቱንም ቆልፉ፤ ይህን ረስቶ በኋላ ጎማ ብቻ የሚገባ በየውድድሩ አይጠፋም። የዲፈረንሻሉን መተንፈሻ በጎማ ቱቦ አራዝማችሁ ኮፈን ውስጥ ከፍ አድርጋችሁ እሰሩት። የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ጭቃ ሲነካው ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ በፓራኦሊዮው (በዘይት ማገጃ ጎማው) በኩል ውኃ ይስባል። የአየር ማስገቢያው ከፍ ያለ ይሁን፣ መጋጠሚያዎቹም አየር አያሾልኩ፤ ናፍጣ ሞተር ውኃ ከዋጠ ቢየላ (የፒስተን ዘንግ) ያጣምማል። ባትሪውን አጥብቃችሁ እሰሩ። ክሪክ፣ መፍቻ፣ ትርፍ ጎማ፣ ጋቢና ውስጥ የሚንከባለል ሁሉ ይውረድ። ሹፌሩ ብቻውን ይግባ፤ ቀበቶና የራስ ቁር ያድርግ፣ እሳት ማጥፊያ እጁ የሚደርስበት ይሁን። ቀላል የሚመስለው ግን የሚረሳው፦ የመጎተቻው ገመድ አንዱ ጫፍ አስቀድሞ ከኋላው መጎተቻ ላይ ታስሮ ጣሪያው ላይ ይቀመጥ። ኮትቻ ውስጥ ተንበርክኮ መንጠቆ መፈለግ ሰዓት ይበላል።

ሲነዳ ዘላችሁ አትግቡ፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር አካባቢ ይድረስና ከዚያ አንድ ወጥ አድርጋችሁ ርገጡ። መሃል ላይ ማርሽ አትቀይሩ። ፍሪሲዮን በተረገጠባት ቅጽበት መኪናው ይቆማል፣ ከቆመ ደግሞ አይነሳም። ፍጥነቱ ሲቀንስ ነዳጅ ሳትለቁ መሪውን ቀኝና ግራ ጥቂት ጥቂት አወዛውዙ፤ የጎማው ጎን አዲስ ጭቃ ይነክሳል። መሪውን ግን እስከ ጫፍ አጣሙት ማለት አይደለም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ነዳጅ ሲረገጥ የፊት ዘንግ መጋጠሚያው «ቋ» ብሎ ይሰበራል። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ያስደነግጣል። ወደፊት መሄድ ካቆማችሁ እግራችሁን አንሱ፤ ከዚያ በኋላ የሚደረገው ማሽከርከር መሬት መቆፈር ነው።

ሰው የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ ሲጎተት ነው። የሚለጠጥ 9 ሜትር ገመድ፣ 4.75 ቶን የተጻፈባቸው ሻክሎች (ገመዱን ከመጎተቻው የሚያያይዙ የብረት ማያያዣዎች)፣ ሻንሲው ላይ በብሎን የታሰረ መጎተቻ ያስፈልጋል። የተሳቢ ኳስ ላይ በጭራሽ አታስሩ፤ ተነቅሎ እንደ ጥይት ይሄዳል። መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ ወይም እርጥብ ጆንያ ጣሉበት፤ ቢበጠስ ኃይሉን ይሰብረዋል። ሰው ሁሉ ከገመዱ ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ ይራቅ። ኮትቻ ከስሩ ስለሚመጥ ብዙ ጊዜ ትራክተር ቀስ ብሎ መሳቡ ከመኪና ንጥቂያ ይሻላል። ተመልካች በጎን 30 ሜትር ይራቅ፤ መውጫው ፊት ለፊት ማንም አይቁም።

እጥበቱ ለነገ አይደር። ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ኮትቻ ከጡብ አያንስም፤ ወደ ከተማ ስትመለሱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። አስፋልት ከመውጣታችሁ በፊት ትልልቁን አራግፉ፤ የወደቀ ጭቃ ሞተር ብስክሌት ይጥላል። ላቫጆ ሲታጠብ ራዲያተሩ በኃይለኛ ግፊት ከፊት አይመታ፤ ክንፎቹ ይጣመማሉ። በዝግታ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይታጠብ። የከበሮ ፍሬን ውስጥ የገባ ጭቃ ሸራውን ስለሚበላ ተፈትቶ ይጠረግ፤ ግራሶውም አሮጌው እስኪወጣ ይሞላ። መኪናው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ ጠዋት የዲፈረንሻሉን ማፍሰሻ ቡሎን ጥቂት ብቻ አላሉ። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ታች ይቀመጣል። መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ውኃ ከሆነ፣ ወይም ዘይቱ ወተት ከመሰለ፣ ሁሉንም አፍስሳችሁ ቀይሩ፤ አዲሱም ከሳምንት በኋላ እንደገና ይታይ።