ሜክፋይልን ዊንዶውስ ላይ ሲጠቀሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሜክፋይል ሜክ የተባለው መሣሪያ ፕሮግራምን ከኮዱ ለመገንባት የሚከተላቸውን ትእዛዞች የያዘ ፋይል ነው። ሊኑክስ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ የኖረ ሜክፋይል ዊንዶውስ ላይ የሚሰናከለው ብዙ ጊዜ ትእዛዞቹን የሚፈጽመው ፕሮግራም፣ ማለትም ሼሉ፣ ስለሚለወጥ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የከፋው ስህተት የትኛው ሜክ በየትኛው ሼል እየሠራ እንደሆነ ሳያረጋግጡ ፋይሉን መነካካት ነው። ጂኤንዩ ሜክ ዊንዶውስ ላይ ኤስኤች የተባለውን ሼል በፓዝ (ፕሮግራሞች በሚፈለጉባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ ካገኘ በእርሱ ይጠቀማል፤ ካጣው ግን ወደ ዊንዶውስ የራሱ ሼል፣ ወደ ሲኤምዲ ይዞራል። በዚህም የተነሳ ፋይል የሚያጠፋው የአርኤም ትእዛዝ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሲሠራ ሌላው ላይ የማይታወቅ ይሆናል። ፎልደር የሚፈጥረውን የኤምኬዲር ትእዛዝ ከ«-ፒ» አማራጭ ጋር መጻፍ ደግሞ የባሰ ነው፤ ሲኤምዲ ምንም ቅሬታ ሳያሰማ «-ፒ» የሚባል ፎልደር ይፈጥራልና። መፍትሔው የሚፈለገውን ሼል በሜክፋይሉ መጀመሪያ ላይ በግልጽ መወሰን ነው። የማይክሮሶፍቱ የሜክ ዓይነት ኤንሜክም የራሱ አጻጻፍ ስላለው ለጂኤንዩ የተጻፈን ፋይል ለእርሱ መስጠት አያዋጣም።

ሁለተኛው ስህተት በታብ መጀመር ያለባቸውን የትእዛዝ መስመሮች በስፔስ መጀመር ነው። ስቱዋርት ፌልድማን ሜክን በ1976 በቤል ላብስ ሲሠራ ያስገባው ይህ ደንብ ብዙም ሳይቆይ ቢያስጸጽተውም፣ ደርዘን የሚያህሉ ተጠቃሚዎቹን ላለማስቸገር ሲል ሳይለውጠው ቀረ፤ እኛም እስከ ዛሬ እንከፍልበታለን። የጽሑፍ አርታኢዎ ታብን ወደ ስፔስ እንዳይቀይር ያስተካክሉት።

የመስመር መጨረሻንም ችላ አይበሉ። የኮድ ለውጦችን የሚመዘግበው ጊት የፋይሎችን የመስመር መጨረሻ ወደ ዊንዶውስ አጻጻፍ ሲለውጥ ሜክፋይሉ የሚጠራቸው የሼል ስክሪፕቶች በማይታይ ምልክት ይበላሻሉ፤ ስለዚህ የእነዚህ ፋይሎች የመስመር መጨረሻ ምንጊዜም ኤልኤፍ (ሊኑክስ የሚጠቀምበት ምልክት) እንዲሆን በጊትአትሪቢውትስ ፋይል ውስጥ ይደንግጉ።

ሜክ ስሞችን የሚለየው በባዶ ቦታ ስለሆነ «ፕሮግራም ፋይልስ»ን የመሰለ ስም እንደ ሁለት ፋይል ይቆጥራል፤ በጥቅስ ምልክት መክበብም ለዒላማዎችና ለጥገኞቻቸው (ለሚገነቡት ፋይሎችና ለሚገነቡባቸው ፋይሎች) አይረዳም። ፕሮጀክቱን ባዶ ቦታ በሌለው አጭር ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥና አንጻራዊ አድራሻ መጠቀም ይሻላል።

የሊኑክስ መሰል መሣሪያዎችን ዊንዶውስ ላይ በሚያቀርበው ኤምሲስ 2 ውስጥ የማይክሮሶፍትን ኮምፓይለር (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረውን ፕሮግራም) የሚጠሩ ከሆነ በ«/» የሚጀምሩ አማራጮች እንደ ፎልደር አድራሻ ተቆጥረው ሊለወጡ ይችላሉ፤ ኮምፓይለሩ «-»ንም ስለሚቀበል በእርሱ ይተኩት። ኮምፓይለሩ የሚያወጣቸው የኦብጀክት ፋይሎች ሲበዙ ደግሞ የሲኤምዲ ትእዛዝ ከ8191 ፊደላት ማለፍ ስለማይችል ዝርዝሩን በፋይል አድርገው እነርሱን ለሚያገጣጥመው ሊንከር ያቀብሉ።