በሲያትል አካባቢ ኮንሰርት ወይም የበዓል እራት ለሚያዘጋጁ፦ የመግቢያ ታክስ አሰላል

ትኬት ከማሳተምዎ በፊት አዳራሹ በየትኛው ከተማ ወሰን ውስጥ እንዳለ ያጣሩ። በዋሽንግተን ግዛት ሕግ የመግቢያ ታክስ የሚጥለው እያንዳንዱ ከተማ በራሱ ደንብ ነው፤ ጣሪያውም በየ20 ሳንቲሙ 1 ሳንቲም፣ ማለትም 5 በመቶ ነው። ሲያትል የምታስከፍለው 5 በመቶ ነው። ቱክዊላና ሾርላይን ደግሞ ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች ሆነው ሳለ የፖስታ አድራሻቸው ብዙ ጊዜ «ሲያትል» ስለሚል አዘጋጁን ያሳስታሉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት «መግቢያው ነጻ ነው» ሲሉ ነው። የግዛቱ ሕግ የመግቢያ ክፍያ የሚለው በር ላይ የሚቀበሉትን ብቻ አይደለም። የወንበርና የጠረጴዛ ክፍያ ይገባበታል። በነጻ ዘፈን በሚቀርብበት ቤት ለምግብና ለመጠጥ የሚጠየቀውም ይገባበታል። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ እራት 60 ዶላር ሸጠው ዘፋኙን «በስጦታ» ቢያቀርቡ ከታክሱ አመለጡ ማለት አይደለም። ሌሎች በሚከፍሉበት ዝግጅት በነጻ ወይም በቅናሽ የሚገባውን ሰው ከተማው እንዲያስከፍል ሕጉ ስለሚፈቅድ፣ የግብዣ ትኬቶችንም ቆጥረው ይመዝግቡ።

ሒሳቡ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ታክሱን በዋጋው ላይ የሚጨምሩ ከሆነ የ50 ዶላር ትኬት 52.50 ይሆናል። 50 ዶላሩ ታክሱን የያዘ ከሆነ ግን ለ1.05 ያካፍሉት፦ ዋጋው 47.62፣ ታክሱ 2.38። እንዲህ ያለ ትኬት 400 ቢሸጥ ከ20,000 ዶላሩ ታክሱ 952.38 ነው፤ በቀጥታ 5 በመቶ የሚያሰላ ሰው 1,000 ዶላር ብሎ 47.62 ከኪሱ ይጨምራል። የትኛውን እንደመረጡ ትኬቱ ላይ በግልጽ ያጽፉ።

ትኬት በኢንተርኔት ከሸጡ፣ ታክሱን ለከተማው የሚያስገባው ሻጩ ድረ ገጽ ይሁን እርስዎ አስቀድመው በጽሑፍ ይጠይቁ። ድረ ገጹ ኮሚሽኑን ቆርጦ ባንክ ያስገባልዎት ገንዘብ የታክስ መነሻ አይሆንም፤ የሚሰላው ትኬቱ ከተሸጠበት ዋጋ ነው።

ለትርፍ ያልቆመ ማኅበር መሆን ብቻውን ነጻ አያወጣም። በግዛቱ ሕግ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዝግጅቶች ነጻ ናቸው፤ ሌላው በየከተማው ደንብ ስለሚለያይ፣ ሽያጭ ሳይጀምሩ ከከተማው የፋይናንስ ቢሮ የጽሑፍ መልስ ይያዙ። ለዚህ ታክስ በከተማው መመዝገቡንም ያኔውኑ ይጨርሱ። ደግሞ በሲያትል ይህ ታክስ የከተማዋ የኪነ ጥበብና ባህል ቢሮ ዋና የገቢ ምንጭ ነው፤ ቢሮው ለባህል ሥራ ድጋፍ ስለሚሰጥ የእኛም ማኅበራት ማመልከታቸውን ባይተዉት ጥሩ ነው።

በር ላይ የሚሸጡ ትኬቶች ተከታታይ ቁጥር ይኑራቸው። ያልተሸጡትን አይጣሉ፤ ቁጥር ከሌለና ቀሪው ከጠፋ ከታተሙት ውስጥ ያልተሸጡ እንደነበሩ ማስረዳት ይከብዳል። የሰበሰቡት ታክስ የከተማው ገንዘብ ስለሆነ ለዘፋኙና ለድምፅ ባለሙያው ከመክፈልዎ በፊት በዚያው ምሽት ለይተው ያስቀምጡት።