ብሽሽቁ እስከ ግንቦት እንዲዘልቅ፦ የጓደኛሞች ፋንታሲ ሊግ እንዴት ይቋቋማል?

ነሐሴ ላይ ሁሉም አሰልጣኝ ነው። የፕሪምየር ሊጉ ፋንታሲ (የእውነተኛ ተጫዋቾች ምናባዊ ቡድን ሠርታችሁ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሚሠሩት ነጥብ የምትሰበስቡበት ጨዋታ) ሲጀመር በየቴሌግራም ግሩፑ የመግቢያ ኮድ ይበተናል፣ የቡድን ስም ይወጣል፣ «ዘንድሮ አትችሉኝም» ይባላል። ኅዳር ሲገባ ግሩፑ ጭር ይላል። ግማሹ ሰው ቡድኑን ረስቶታል፤ የተጎዳ አምበል ይዞ ሦስት ሳምንት ይከርማል። ጨዋታው ከብዶት አይደለም። ሊጉን የከፈተው ሰው ኮድ ከመላክ አልፎ ያሰበው ነገር ስላልነበረ ነው።

እኔ ፋንታሲ ሰበብ ነው ባይ ነኝ። ሰው የሚቆየው ለወሬው ነው። ስለዚህ ነጥብ አሰባሰቡን ብቻ ሳይሆን ግሩፑን በሕይወት ማቆያውንም አብረን እናያለን።

1. መጀመሪያ ሰው ምረጡ

ከ8 እስከ 12 ሰው ይበቃል። 40 ሰው ያለበት ሊግ ውስጥ መበሻሸቅ አይቻልም፤ የማታውቁትን ሰው ምን ብላችሁ ታበሽቁታላችሁ? ሁሉም የአርሰናል ደጋፊ ከሆነም ወሬው ቶሎ ያልቃል። ሁለት ሦስት የማንቼ ሰው ጨምሩ፣ ሊቨርፑልና ቼልሲም አይጥፉ። ኳስ ብዙም የማይከታተል አንድ ሰው ብታስገቡ ደግሞ ደስ ይላል። ክለብ ስለማይወድ በስሜት አይመርጥም፤ ስለዚህ እንደተናቀ አይቀርም።

2. ሊጉን ክፈቱ

ክፍያ የለውም። በፕሪምየር ሊጉ ድረ ገጽ ወይም አፕ ተመዝግባችሁ ቡድን ከሠራችሁ በኋላ ወደ ሊጎች ገጽ ገብታችሁ የግል ሊግ ትፈጥራላችሁ። ስም ስጡት፤ ኮድና ሊንክ ይሰጣችኋል። እሱን ግሩፑ ላይ ፒን አድርጉት።

ሁለት ዓይነት ሊግ አለ። በክላሲክ የሁሉም ነጥብ እየተደመረ ይሄዳል። ሄድ ቱ ሄድ በሚባለው በየሳምንቱ ከአንድ ሰው ጋር ትገጥማላችሁ፤ ያሸነፈ 3፣ አቻ የወጣ 1 ያገኛል። ለጀማሪ ግሩፕ ክላሲኩ ይሻላል። ሲከፈት «ነጥብ ከስንተኛው ሳምንት ይቆጠር?» የሚል ምርጫ አለው። ይህችን ምርጫ አስታውሷት፤ ጥር ላይ እንመለስባታለን።

3. ቡድኑን በ100 ሚሊዮን ሥሩ

በጀታችሁ 100 ሚሊዮን ፓውንድ ነው፤ የጨዋታ ብር ነው እንግዲህ። 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፦ 2 ግብ ጠባቂ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ መያዝ አይቻልም። የክለብ ፍቅር የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዲኤስቲቪ ቤት የአርሰናል ማሊያ ለብሶ ተቀምጦ፣ የማንቸስተር ሲቲው ሃላንድ አርሰናል ላይ ሲያገባ ፊቱን አጨፍግጎ በጠረጴዛው ስር ግን ቡጢውን የሚጨብጥ ሰው ካያችሁ፣ የፋንታሲ አምበሉ ማን እንደሆነ አትጠይቁት።

ነጥቡ እንዲህ ነው። 60 ደቂቃ የሞላ 2፣ ያልሞላ 1 ያገኛል። ግብ ለአጥቂ 4፣ ለአማካይ 5፣ ለተከላካይ 6 ነው። አሲስት ለሁሉም 3። ግብ ሳይቆጠርባቸው ሲወጡ ተከላካይና ግብ ጠባቂ 4፣ አማካይ 1 ይወስዳሉ። ቢጫ 1፣ ቀይ 3 ይቀንሳል። ከ2025/26 ጀምሮ ደግሞ ላቡን የሚያፈስ ተከላካይም ተቆጥሮለታል፦ ያራቀው፣ የመከተው፣ ያቋረጠውና የነጠቀው ኳስ ተደምሮ 10 ከሞላ 2 ነጥብ አለው።

እዚህ ውስጥ የተደበቀ ነገር አለ። ሞሐመድ ሳላህ በ2024/25 የውድድር ዓመት 344 ነጥብ ሰብስቦ የጨዋታውን ክብረ ወሰን ያዘ። ብቃቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሜዳ ላይ አጥቂ የሆነው ሰውዬ ፋንታሲው ውስጥ የተመዘገበው በአማካይነት ነው። እያንዳንዷ ግቡ 4 ሳይሆን 5 አወጣች፤ ሊቨርፑል ሳይቆጠርበት ሲወጣም 1 ተጨመረለት። እንዲህ በሁለት ወንበር የተቀመጠ ተጫዋች በየዓመቱ አይጠፋም፣ ፈልጉት። ብቻ አምና በሰበሰበው ነጥብ ተማርካችሁ አትግዙ። ሳላህ 344 ነጥብ በሰበሰበበት ዓመት በ12.5 ሚሊዮን ነበር የጀመረው፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋው 14.5 ሆነ። ያለፈው ነጥብ ዋጋው ውስጥ ገብቶ ነው የሚሸጥላችሁ።

ውድ ተጫዋች ሁለት ይበቃል፣ ግፋ ቢል ሦስት። ሁለተኛ ግብ ጠባቂ ላይ ገንዘብ አታባክኑ፤ ከሁሉም የረከሰውን ወስዳችሁ ወንበር ላይ አስቀምጡት።

4. ሰዓቱን እወቁ

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያስለቅሰው ይሄ ነው። ቡድን የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ በእንግሊዝ 12:30 ላይ ከሆነ በእነሱ 11:00 ላይ ይዘጋል። ያ በእኛ በነሐሴና በመስከረም ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ እንግሊዞች ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ይመልሱና መዝጊያው 8 ሰዓት ይሆናል።

እዚህ ድረስ ችግር የለም፤ ትርፍ አንድ ሰዓት አገኛችሁ። አደጋው መጋቢት ላይ ነው። በመጋቢት ሦስተኛ ሳምንት አካባቢ ሰዓታቸውን ወደፊት ሲገፉት መዝጊያው ተመልሶ 7 ሰዓት ይሆናል። አምስት ወር ሙሉ 8 ሰዓትን የለመደ ሰው ምሳውን በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ አፑን ሲከፍት ተቆልፎ ያገኘዋል። ዓርብ ማታ ጨዋታ ሲኖር ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ቅዳሜ ነው ብሎ የተዘናጋ ሁሉ ያልቃል። ዋሽንግተን ያሉ ጓደኞች ካሏችሁ የቅዳሜው መዝጊያ ለእነሱ አብዛኛውን ዓመት ከንጋቱ 12 ሰዓት ነው። ዓርብ ማታ ጨርሰው ቢተኙ ነው የሚሻላቸው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቴሌግራም ላይ መልእክት ጽፋችሁ የመላኪያ ቁልፉን ጫን አድርጋችሁ ብትይዙት ለሌላ ሰዓት ቀጠሮ ማስያዝ ይቻላል። የሊጉ አድሚን በየሳምንቱ ሁለት ማስታወሻ ያዘጋጅ፤ አንዱ ከመዘጋቱ በፊት በነበረው ማታ፣ አንዱ አንድ ሰዓት ሲቀረው።

5. የሳምንቱ ሥራ

በሳምንት አንድ ነጻ ዝውውር አላችሁ። ካልተጠቀማችሁበት እስከ 5 ይጠራቀማል። ከነጻው በላይ ለእያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቀነሳል። እሑድ ማታ በንዴት ዝውውር አትሥሩ። ማክሰኞና ረቡዕ የአውሮፓ ጨዋታ አለ፤ እሑድ የገዛችሁት ሰው ረቡዕ እያነከሰ ሊወጣ ይችላል። «ቶሎ ግዛው፣ ዋጋው ሌሊት 0.1 ሚሊዮን ሊጨምር ነው» የሚል ሰው ይመጣባችኋል። ይጨምር።

አምበል ነጥቡ እጥፍ ይሆናል። አምበሉ ጭራሽ ካልተሰለፈ እጥፉ ወደ ምክትሉ ይሄዳል። በ89ኛው ደቂቃ ተቀይሮ ከገባ ግን አለቀ፤ የእሱ 1 ነጥብ 2 ትሆናለች፣ ምክትላችሁ ሦስት ግብ ቢያገባም እጥፍ የለም። ስለዚህ ከጉዳት እየተመለሰ ያለ ተጫዋችን አምበል ማድረግ አይመከርም። ቅዳሜ ሊዘጋ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ግሩፑ ላይ «ማንን አምበል ላድርግ?» ብላችሁ ባትጠይቁም ጥሩ ነው። የሚመልሱላችሁ ተፎካካሪዎቻችሁ ናቸው።

ለአንድ ሳምንት ልዩ ጥቅም የሚሰጡ ቺፖች የሚባሉ አሉ፦ ዋይልድካርድ (ያለ ቅጣት የፈለጋችሁትን ያህል ዝውውር)፣ ፍሪ ሂት (ለአንድ ሳምንት ብቻ የሚቆይ ቡድን)፣ ቤንች ቡስት (ወንበር ላይ ያሉትም ነጥብ የሚቆጠርበት) እና ትሪፕል ካፕቴን (የአምበሉ ነጥብ ሦስት እጥፍ የሚሆንበት)። ከ2025/26 ጀምሮ ሁሉም ሁለት ሁለት ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ከ19ኛው ሳምንት መዝጊያ በፊት ካልወጡ ይቃጠላሉ። ታኅሣሥ ላይ አድሚኑ ያስታውስ።

6. ሊግ በሌለበት ሳምንት

ግሩፕ የሚሞተው በብሔራዊ ቡድን ጨዋታ ዕረፍት ነው። መስከረም አካባቢ፣ ኅዳር ላይ፣ መጋቢት ላይ። ሊግ የለም፣ ነጥብ የለም፣ ወሬ የለም። ሁለት ሳምንት ዝም ያለ ግሩፕ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ስለዚህ ለእነዚህ ሳምንታት ሌላ ሥራ አዘጋጁ።

አንደኛው የጌም ውድድር ነው። ጌሙ ከ2023 ጀምሮ ስሙ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ሆኗል፤ ያው ሁላችንም ፊፋ ነው የምንለው። በአንድ ከተማ ካላችሁ ሰፈር ያለ ጌም ቤት ሁለት ሰዓት ያዙ። ከተበታተናችሁ ኢፉትቦል በስልክ ነጻ ነው፤ የድሮው ፔስ ማለት ነው። አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ቡድን በዕጣ። አለዚያ ሁሉም ሪያል ማድሪድን ይዞ ኳሷን ለምባፔ እየወረወረ ይሮጣል። በዕጣ የመጨረሻ ደረጃ ቡድን ደርሶት ያሸነፈ ሰው ግን እስከ ገና ያወራበታል፤ እኛም የምንፈልገው ያንን ነው።

ሁለተኛው የአልበም ድራፍት ነው፤ በየተራ መምረጥ ማለት ነው (የሚጠጣው ድራፍት አይደለም)። ሐሳቡን ከሆኪ ፋንታሲ ነው የምንዋሰው። ካናዳ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ የሥራ ባልደረቦቻችሁ ጋብዘዋችሁ ታውቁት ይሆናል። በእኛ ጨዋታ ሃላንድን ሁላችንም መያዝ እንችላለን። በሆኪው የግል ሊጎች ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ተጫዋች የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ የሆኪውን ኮከብ ኮነር ማክዴቪድን የወሰደ ወሰደ፣ ሌላው ይቆጨዋል። ለፍትሕ ሲባል ተራው ይገለበጣል። በመጀመሪያው ዙር ከ1 እስከ 8 ከተመረጠ፣ በሁለተኛው 8ኛው ሰው ይጀምርና ወደ 1 ይወርዳል።

እንግዲህ በተጫዋች ፋንታ አልበም አድርጉት። ዕጣ አውጡ፣ አራት ዙር ይበቃል። አንዴ የተወሰደ አልበም ሌላ ሰው አይነካውም። መስፈርት ካላስቀመጣችሁ ሁሉም ያንኑ አምስት አልበም ስለሚፈልግ ዙሮቹን ለዩ። የመጀመሪያው ዙር በካሴት ዘመን የወጣ። ሁለተኛው በአማርኛ ያልተዘፈነ፤ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራግኛ፣ የፈለጋችሁት። ሦስተኛው ያለ ድምፅ፣ መሣሪያ ብቻ። አራተኛው ባለፉት ሁለት ዓመታት የወጣ። ዋናው ሕግ ደግሞ ይሄ ነው፦ አልበሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ዘፈን ሳይዘለል የሚደመጥ መሆን አለበት። ጭቅጭቁ የሚነሳው እዚህ ነው። «ሰባተኛው ላይ ማን ይቆያል?» የሚል አይጠፋም። በመጨረሻ ስም ሳይታወቅ ድምፅ የሚሰጥበት የቴሌግራም ፖል ክፈቱና ምርጡ ስብስብ ይለይ።

አሸናፊው ፋንታሲው ላይ ነጥብ አይጨመርለትም፤ አፑም አይፈቅድም። ግን ለአንድ ወር የግሩፑን ፎቶ እሱ ይምረጥ። የማንቼ ደጋፊ አሸንፎ የአርሰናል ደጋፊዎች በየቀኑ የሚያዩትን ፎቶ ሲለጥፍ ሽልማቱ ምን ያህል እንደሆነ ይገባችኋል።

7. ወደ ኋላ የቀረውን አትርሱት

ታኅሣሥ ላይ ከመሪው 200 ነጥብ የራቀ ሰው ለምን ቡድኑን ይከፍታል? ሁለት መላ አለ። አንደኛ፣ አፑ ራሱ የየወሩን ደረጃ ለይቶ ያሳያል። ሽልማት ካለ ለዓመቱ ብቻ አታድርጉት፣ የወሩ አሸናፊም ማኪያቶ ይጋበዝ፤ ጋባዡ የወሩ መጨረሻ። ሁለተኛ፣ ቅድም ያልኳችሁ ምርጫ። ጥር ላይ በዚያው ሰው ሁለተኛ ሊግ ክፈቱና ነጥብ ከዚያ ሳምንት እንዲጀምር አድርጉ። ሁሉም ከዜሮ ይነሳል። ዋናው ሊግ እንዳለ ይቀጥላል።

መዋጮ ካላችሁ ትንሽ ይሁን፤ ብሩን የሚይዘውም የማይጫወት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ነጥብ እኩል ከሆነ አፑ ያነሰ ዝውውር የሠራውን ያስቀድማል፤ ይህን ከነሐሴ ጀምሮ ተናገሩ፣ ግንቦት ላይ አይደለም።

8. ግንቦት ሲመጣ

የ38ኛው ሳምንት ነጥብ ተጠቃሎ ከተረጋገጠ በኋላ የደረጃ ሰንጠረዡን ስክሪንሾት አንሱ። አዲሱ ዓመት ሲከፈት የድሮው ይጠፋል፣ ክርክር ሲነሳ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል። ሐምሌ ላይ ጨዋታው ሲከፈት የድሮውን ሊግ ማደስ ስለሚቻል አዲስ ኮድ መበተን አይጠበቅባችሁም። የሚቀጥለው ዓመት አድሚን መጨረሻ የወጣው ሰው ይሁን። ማስታወሻውን የሚልከው፣ ዕጣውን የሚያወጣው፣ ጌም ቤቱን የሚይዘው እሱ ነው። እምቢ ካለ ሁለተኛ ከመጨረሻ የወጣው ይተካዋል፤ ማኪያቶው ግን በመጀመሪያው ሰው ሒሳብ ነው።