ተረት ስታነቡ ምክሯን ሸፍኗት

መጀመሪያ ተረቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን ምክር በእጃችሁ ሸፍኗት፣ የጥንቱ ግሪካዊ ተረት ነጋሪ የኤዞፕ ተረቶች ላይ እንኳን ብዙዎቹን ምክሮች የጨመሯቸው በኋላ የመጡ ሰብሳቢዎች ናቸው። ከዛ ገጸ ባህሪው ምን ፈለገ፣ ምን አጣ፣ ለራሱስ ምን ብሎ አወራ በሉ። ቀበሮዋ ወይኑ ጋ መድረስ ሲያቅታት "ድሮም ጎምዛዛ ነው" ብላ ሄደች፣ እዚህ ጋ ማንም አልተበደለም ግን ሰው ራሱን እንዴት እንደሚሸውድ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ እኛስ ያመለከትነው ስራ ሲቀር እንደዛው አይደል የምንለው? ቀጥሎ ታሪኩን በተሸናፊው ወገን ሆናችሁ ድገሙት፤ ጉንዳንና ፌንጣው ላይ ሞክሩት፣ በጋውን ሲዘፍን የከረመው ፌንጣ ርቦት ምግብ ሲለምናት ስትሰበስብ የከረመችው ጉንዳን ትከለክለዋለች፣ በሱ በኩል ሲታይ ጎበዟ ጉንዳን ድንገት ጨካኝ ትሆናለች (እኔ በበኩሌ ፌንጣው ያሳዝነኛል)። ለልጆች ከሆነ ደግሞ መልሱን አትንገሯቸው፣ "እናንተ ብትሆኑስ?" ብቻ በሏቸውና ይከራከሩ።